ከጋቢዮኑ በፊት የዳሩ መሬት፦ ለቦረቦራችን ድጋፍ ያገኘንበት መንገድ

ለቦረቦር፣ አፈሩ እየተሸረሸረና እየተናደ ለሚፈጠረው ጥልቅ ቦይ፣ ሥራ ድጋፍ የሚጠይቅ ሰው ሁልጊዜ ከጋቢዮን፣ ድንጋይ ከሚሞላበት የሽቦ ሳጥን፣ ይጀምራል። ስንት ሳጥን ይሰጡናል? ድንጋዩን ማን ያጓጉዛል? የወረዳው መኪና ነዳጅ አለው ወይ? በባሕር ዳር ዙሪያ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ ቀበሌ የአንዲት ትንሽ ተፋሰስ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ገንዘቡ ቢያለፋም ይገኛል። አስቸጋሪው ጉዳይ ከቦረቦሩ ግራና ቀኝ ያለውን መሬት ማን ይተዋል፣ የተወውስ ምን ያገኛል የሚለው ነው። ይህ ሳይፈታ የተሰጠ ሽቦ ሁለት ክረምት አያልፍም፤ በአጎራባች ቀበሌዎች ሲወድቅ አይቻለሁ።

እኛ ሥራውን የሠራነው ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ዛሬ በክልላችን ያለው ሁኔታ ከዚያ የተለየ መሆኑን አውቃለሁ፤ ባለሙያ እንደ ልብ ቀበሌ የሚወጣበት ጊዜ አይደለም። ሆኖም ሰነዱና ስምምነቱ ከወዲሁ ሊዘጋጁ የሚችሉ ናቸው፤ ለዚያም ነው የምጽፈው።

ቦረቦራችን ያለው ኮረብታው ላይ አይደለም። ላይኛው ወገን ቀይ አፈር ነው፤ እርከን ተሠርቶበት ደህና ይዟል። ጉዳቱ ያለው ከታች፣ ጥቁሩ ዋልካ አፈር በተኛበት ሜዳማ ቦታ ነው። ብዙ ሰው ቦረቦርን ጎርፍ ብቻ የሚቆፍረው ይመስለዋል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ በምትገኘው ደብረ ማዊ የባሕር ዳርና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት ያጠኑት ጉዳይ የእኛንም ያስረዳል፦ ክረምቱ ሲገፋ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይልና የሸለቆውን አፈር እስኪጠግብ ያረጥበዋል፤ የረጠበው ግድግዳ የራሱን ክብደት መሸከም ስለማይችል ይናዳል። ጎርፉ የሚያደርገው የተናደውን ጠርጎ መውሰድ ነው። ነሐሴ ላይ ከአፋፉ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ መሬቱን ያየ ሰው ከቦረቦሩ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ ያገኛል፤ ጣት የሚያስገባ፣ ሣር የሸፈነው። ከዝናብ በኋላ በነበረ አንድ ሌሊት ከነጤፉ የወረደው የጎረቤታችን መሬት በዚያ ስንጥቅ ልክ ነበር የተቆረጠው።

ይህ ለምን አስፈለገ? የመሬቱ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ነው። ግድግዳው ቀጥ ብሎ እንደቆመ ከቀረ ከታች ምንም ክትር (የውሃ ማገጃ) ቢሠራ ይናዳል። መዘንበል አለበት። ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነን ግድግዳ አንድ ለአንድ ለማዘንበል፣ በመቁረጥ ብቻ ከሆነ፣ ከያንዳንዱ ወገን 3 ሜትር ስፋት ይበላል። ከዚያ በላይ ሣር የሚተከልበትና ማረሻ የማይደርስበት ቢያንስ 2 ሜትር ያስፈልጋል። እንግዲህ ለ100 ሜትር ርዝመት ከሁለቱም ወገን 1,000 ካሬ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። አንድ ቃዳ 2,500 ካሬ ሜትር በሆነበት አገር ይህ ለሁሉም ሲካፈል ትንሽ ነው። ማሳዋ ጠባብ ሆና በርዝመቷ በቦረቦሩ ዳር ለተዘረጋች ባለይዞታ ግን ትንሽ አይደለም። በስብሰባ ላይ «ሁላችንም እንተው» ማለት ቀላል የሚሆነው ማሳው በአጭር ጎኑ ብቻ ቦረቦሩን ለሚነካው ሰው ነው።

መሬት በእኛ አገር አይሸጥም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ከቦረቦሩ ዳር ያለውን ቁራጭ ገዝቶ ማጠር አይችልም፤ ከመንግሥት ድጋፍ የሚገኘው ገንዘብም ለመሬት ግዢ አይውልም። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ያስለቅቅ ከተባለ ደግሞ የካሳና የምትክ ሥርዓት ያለው ሌላ መንገድ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚመራ ሲሆን ለአንድ ቦረቦር ብሎ ያንን የሚከፍት ወረዳ የለም። የቀረው መንገድ ይዞታው የባለይዞታው እንደሆነ ሆኖ በዳሩ ላይ ያለው አጠቃቀም እንዲገደብ መስማማት ነው፦ አይታረስም፣ ከብት አይለቀቅበትም፣ ለጥገና ሰው ያልፍበታል። በሌሎች አገሮች ለዚህ ዓይነት መብት የአካባቢ አስተዳደሮች ገንዘብ ይከፍላሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ የምንከፍለው በሣር ነው።

ሕጉ ከኋላችን እንደነበረ ማወቁ በስብሰባው ጠቅሞናል። በጊዜው ይሠራ የነበረው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ቦረቦር ያለበት መሬት በባለይዞታዎቹና በአጎራባቾቹ፣ እንደ ሁኔታውም በአካባቢው ኅብረተሰብ እንዲያገግም ያዝ ነበር። ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት የከለከለውም እሱ ነበር። አሁን ይህ አዋጅ በ1324/2016 ተተክቷል፤ ክልላችንም የራሱ አዋጅ ቁጥር 252/2009 አለው። የምታዘጋጁት ሰነድ አዲሱን እንዲጠቅስ ከወረዳው የመሬት ባለሙያ ጋር ተመልከቱት። ሕጉን ለማስፈራሪያ አታንሡት። እኛ ያነሣነው «መንግሥት ሊወስድብን ነው» ለሚሉት፣ ግዴታው ከድሮም የነበረና ይዞታን የማይነካ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ፍርሃቱ ደግሞ እውነተኛ ነበር። «ዛሬ ዳር ይሉታል፣ ነገ የወል ይሆናል» ያሉ ሰው ነበሩ፤ አባባላቸውን ሁሉም ተቀበለው። ጉዳዩን ያለዘበው የወረዳ ባለሙያ ንግግር አልነበረም፤ አንድ አዛውንት በጣና ዳር ያለውን የዘጌን ባሕረ ገብ ምድር አነሡ። ዘጌ በጻድቁ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ይታመናል፤ በሬ አይጠመድበትም፣ ከብት አይገባበትም፤ ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ቡናው የዘጌ ሰው ነው፣ መሬቱም የዘጌ ሰው ነው። «ማረስ ክልክል መሆንና መነጠቅ አንድ አይደለም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ስለ ሣር ሆነ።

ረጅሟ ማሳ የአንዲት ባል የሞተባቸው እናት ነበረች። እቤታቸው ሄደን ቁጭ እንዳልን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሣሩ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ እማማ።»

«በቃል ነው በወረቀት?»

«በወረቀት።»

«እንግዲያው ወረቀቱ ተጽፎ ይነበብልኝ፤ አውራ ጣቴ የትም አይሄድ።»

ትክክል ነበሩ። ረቂቁ ከተነበበላቸው በኋላ አንድ ነገር አስጨመሩ፦ ማሳቸውን በእኩል (ምርቱን እየተካፈለ) የሚያርሰው ሰውም አብሮ እንዲፈርም። ለእኔ ከባለሙያ ሁሉ የበለጠ ምክር ይህ ነው። በአካባቢያችን የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ፎቶግራፉ ያለውና ሞፈር የሚጨብጠው ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ነው። ባለይዞታው ይፈርማል፤ እኩል አራሹ ስለማያውቅ ወይም ምርቱ ስለሚያሳሳው እስከ አፋፉ ድረስ ያርሳል። ደብተሩ በባልና ሚስት ስም ከሆነም የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ባል ብቻ የፈረመበትን ወረቀት የመሬት አስተዳደር ባለሙያው ቢቀበላችሁ እንኳ እናንተ አትቀበሉት።

ልኬቱን በገመድና በችካል ያደረግነው ባለይዞታዎቹ ራሳቸው ገመዱን ይዘው ነው። የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ የወሰዱት ማሳቸው በካርታ ላይ ስላለ ሥራው ፈጠነ፤ ያልወሰዱት ጋ የወሰን ክርክር ተነሥቶ ሽማግሌ አስቀመጥን። እማማ በርዝመት ስለተጎዱ በቦረቦሩ ወለል ላይ ከሚበቅለው የጋራ ሣር ከሌላው የላቀ ድርሻ እንዲያገኙ ተወሰነ። ይህንን የተቃወመ ነበር፤ ተከራክሮ ተሸነፈ።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

የወረዳ በጀት በአብዛኛው ከክልሉ በጥቅል የሚመጣ ድጎማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁን እጅ ደመወዝ ይወስደዋል። ለካፒታል ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ለእሱም መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ይሰለፋሉ። ስለዚህ «ወረዳው ገንዘብ የለውም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በእጁ ለሚያልፉ ፕሮግራሞች በር ነው። የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮግራሙና እሱን ተከትለው በዓለም ባንክ ድጋፍ የመጡት የተፋሰስ ፕሮጀክቶች የሠሩት በተመረጡ ወረዳዎችና በተመረጡ ተፋሰሶች ነው፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ፕሮግራም መኖሩንና የእናንተ ወረዳ መታቀፉን መጀመሪያ ጠይቁ። በሴፍቲኔት የታቀፈ ወረዳ ከሆነ የጉልበት ክፍያው ከዚያ ሊገኝ ይችላል። በጣና ዙሪያ ላለን ደግሞ ሐይቁ ራሱ ምክንያት ይሆናል። ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ከገባበት ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ፣ ይልቁንም እምቦጭ ሐይቁን ከወረረ በኋላ፣ ስለ ደለል የሚጨነቅ ብዙ ነው። በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል አባይ ከሚወርደው አፈር የብዙው ማረፊያ ጣና ነው። ማመልከቻችን ላይ ቦረቦሩ የሚፈስበትን ጅረትና ጅረቱ ሐይቁን የሚነካበትን ቦታ በእጅ በተሣለ ካርታ አሳየን። በውሃው ዳር የሚበቅለው ደንገል ሳስቶ ባሕር ሸሽ እርሻ (ውሃው ሲሸሽ የሚታረሰው) የተስፋፋበት ዳርቻ ስለነበረ ነገሩ ለተመልካች ግልጽ ሆነ።

ለግለሰብ የሚሰጥ የለም። ኮሚቴ ሆናችሁ፣ ከተቻለም የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሆናችሁ ቅረቡ፤ በቃለ ጉባኤ፣ በተመረጡ ፈራሚዎች፣ በራሳችሁ የባንክ ሒሳብ።

ማመልከቻው ውስጥ የሕዝቡን መዋጮ በቁጥር ማስቀመጥ ብዙ ነገር ይለውጣል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ በሕዝብ ንቅናቄ የሚሠራው ሥራ ጉልበት ነው፤ ጉልበት ደግሞ ዋጋ አለው። የግብርና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የሥራ ልክ ለ1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150፣ ለድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ነው። ያንን በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ስታባዙት ከምትጠይቁት ገንዘብ የሚበልጥ ድምር ሊወጣ ይችላል፤ የሚሰጠው አካልም የሚያየው ያንን ነው። ሥራውን ስታቅዱ ግን በዓላቱን አትርሱ። ባለሙያው ሠላሳ ቀን ብሎ ይጽፋል፤ እኛ ጋ አቦ አለ፣ ሥላሴ አለ፣ ሚካኤል አለ፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ ባለእግዚአብሔር፣ ቅዳሜና እሑድ አለ። ሠላሳ የሥራ ቀን ከአንድ ወር በእጅጉ ይረዝማል። መርሐ ግብሩን ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ሆነን ነው ያወጣነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚነገር ነገር ከቀበሌ ማስታወቂያ ይልቅ ይደርሳል።

አንድ የሚያስቸግር የቀን ጉዳይ አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል፤ ያልተሠራበት ገንዘብም ይመለሳል። የቦረቦር ሥራ ደግሞ በዚያች ቀን አይቆምም፦ ድንጋዩ በበጋ ይገባል፣ ግድግዳው በሚያዝያና በግንቦት ይዘነበላል፣ ተከላው ግን ዝናቡ ሲረጋ ከሰኔ መጨረሻ ወደ ሐምሌ ነው። ለችግኝና ለሣር ቁራጭ የተያዘ ገንዘብ በዚህ መሐል ይጠፋል። እኛ ግዢውንና ርክክቡን በሰኔ ጨርሰን፣ የሐምሌውን ተከላ በሙሉ በሕዝብ መዋጮ ስም ጻፍነው። የጥያቄ ወረቀታችሁም ወረዳው የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ ሲያዘጋጅ፣ በበጋው ወራት፣ ጠረጴዛው ላይ መኖር አለበት። በግንቦት የሚቀርብ ጥያቄ የሚያገኘው መልስ «ለከርሞ» ነው።

ከመጣው የሥራ ዝርዝር ጋር አንድ ጠብ ነበረን፤ የማንኛው መሥሪያ ቤት እንደነበር አልናገርም። የተላከው ንድፍ ጋቢዮኖቹን ሁሉ ከታች፣ መንገዱ ቦረቦሩን ከሚያቋርጥበት አጠገብ ደረደራቸው። ለጎብኚ ከመኪና ሳይወርድ ይታያል። ቦረቦሩ የሚያድገው ግን በአናቱ ነው፤ ወደ ላይ እየበላ የሚሄደው እዚያ ነው። ውይይቱ ረጅም ነበር። ያሸነፍነው ከባለሙያው ጋር በገመድና በውሃ ልክ ከላይ እስከ ታች ለክተን፣ የየክትሩን ቦታ በችካል አሳይተን ነው። ልኩ ቀላል ነው፦ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር በውሃ ልክ እኩል መሆን አለበት። በዚያ ልክ ሲቀመጥ ታች የተከመሩት ጋቢዮኖች ግማሾቹ ትርፍ ሆነው ተገኙ፤ ወደ አናቱ ወጡ።

ጋቢዮን ስትጠይቁ ድንጋዩን አብራችሁ አስሉ። ሁለት ሜትር በአንድ በአንድ የሆነ ሳጥን 2 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይውጣል፤ ከሦስት ቶን በላይ ማለት ነው። ዋልካ አገር ድንጋይ የለም። ሽቦው በነጻ መጥቶ በቀበሌ መጋዘን የሚዝገው ለዚህ ነው። ከተሠሩት ክትሮች አንዱ በመጀመሪያው ክረምት በጎኑ ተከፈተ፤ ወደ ግድግዳው በቂ ገብቶ ስላልታሰረ ውሃው ዙሪያውን ዞሮ ወጣ። መሐሉ ዝቅ ብሎ ውሃ ማለፊያ የተተወለትና በሁለቱም ወገን ወደ አፈሩ ገብቶ የተቀበረው ግን ቆሟል። ሲረከቡ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ይሁን፤ ድንጋዩ አምሮ መደርደሩ ሌላ ነው።

ስለ ተክሉ ብዙ አልልም። ወለሉ ላይ ዝሆኔ ሳርና ሴስባኒያ፣ አፋፉ ላይ ቬቲቨር ይዞልናል። ባሕር ዛፍ እንትከል ያሉ ብዙ ነበሩ፤ ገንዘብ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ከሥሩ ሣር ስለማያበቅል ለዚህ ቦታ አይሆንም ብዬ አሁንም አምናለሁ።

ጥገና በጀት የለውም። የትኛውም ድጋፍ ሰጪ የተፈታ ሽቦ ለማሰር ገንዘብ አይመድብም። እኛ የወለሉን ሣር ለከተማ ከብት አድላቢዎች እየሸጥን ከዚያ ላይ ቀንሰን እናስቀምጣለን፤ ድርሻው በስምምነቱ ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ በየዓመቱ አዲስ ክርክር አይነሣም። ስምምነቱ በአራት ቅጂ ነው፦ አንዱ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት በየባለይዞታው ማኅደር፣ አንዱ በቀበሌ፣ አንዱ በግብርና፣ አንዱ በኮሚቴው እጅ። ከአንደኛው መሥሪያ ቤት ቅጂው ጠፍቶ ስለነበር የራሳችን መኖሩ አድኖናል። ድጋፍ ሰጪዎቹም ባለይዞታው ወዶ መስማማቱን በጽሑፍ ስለሚጠይቁ ይኸው ወረቀት ሁለት ጊዜ ይሠራል። ዋና ቃሉን ለሚጠቅመው እነሆ፤ ስምና ልኬት እየሞላችሁ ከመሬት ባለሙያው ጋር አስተካክሉት፦

«እኛ ከዚህ በታች ስማችን የተጻፈው ባለይዞታዎች፣ ባልና ሚስት በጋራ፣ በማሳችን ላይ ከቦረቦሩ አፋፍ ጀምሮ በችካል የተለካውን ስፋት ላናርስና ከብት ላንለቅበት ተስማምተናል። ይዞታው የእኛ ሆኖ ይቀጥላል፤ በደብተራችንና በካርታችን ላይ ያለው ልክ አይቀነስም፤ የወል መሬትም አይባልም። በዳሩ ላይ የሚበቅለውን ሣር አጭደን የምንጠቀመው እኛው ነን። ኮሚቴው ለጥገና በዳሩ ላይ ማለፍ ይችላል፤ በሰብል ጊዜ ግን አስቀድሞ ያሳውቃል። በቦረቦሩ ወለል ላይ ከሚገኘው ሣር ሽያጭ ለጥገና የሚሆነው ድርሻ ቀድሞ ተቀንሶ የቀረው በተያያዘው ዝርዝር መሠረት ይከፋፈላል። ማሳው በኪራይ ወይም በእኩል ሲሰጥ የሚያርሰው ሰው ይህ ስምምነት ተነብቦለት ይፈርማል። ይዞታው በውርስ ወይም በስጦታ ሲተላለፍ ግዴታውም የሣሩ ጥቅምም አብረው ይተላለፋሉ። ክርክር ቢነሣ አስቀድሞ በምንመርጣቸው ሽማግሌዎች፣ ካልተቻለ በሕግ ይታያል።»